ምዕራፍ ስምንት፦ የምጣድ ማሟሻ፤ ሕፃን ይዞ ቀስ ብሎ መጓዝ

ዲጂታል ዘላን የሚባለው በኮምፒውተርና በኢንተርኔት እየሠራ፣ ከከተማ ከተማ ወይም ከአገር አገር እየተዘዋወረ የሚኖር ሰው ነው። ስያሜው የታወቀው ጃፓናዊው መሐንዲስ ፁጊዮ ማኪሞቶና እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዴቪድ ማነርስ እ.ኤ.አ. በ1997 በዚሁ ርእስ ባወጡት መጽሐፍ ነው። በአማርኛ «ዘላን» የሚለው ቃል መልካም ታሪክ የለውም። አርብቶ አደሩን ለማሳነስ ሲነገር የኖረ ቃል ሲሆን፣ ሲሰማም መዝለልን ያስታውሳል። አፋሩ ግን አይዘልም። ከእንጨትና ከሰሌን የተሠራው ጎጆ ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል፤ ሕፃናትም አብረው ይሄዳሉ። ውኃና ግጦሽ ያለበት ሲደረስ ይሰፈራል፣ ይቆያል፤ ወቅቱ ሲዞር ወደ ቀድሞው ስፍራ ይመለሳል። ቃሉ የተወሰደው ከዚህ ኑሮ ነው፤ ብዙዎቹ አዲስ ዘላኖች ግን በየሳምንቱ ከተማ ሲቀይሩ በእርግጥ ይዘላሉ። ልጅ ሲወለድ መዝለሉ ያበቃል።

ምዕራፍ ሦስት ሥራ ከቢሮ ወንበር እንዴት እንደተላቀቀ፣ ምዕራፍ አምስት ደግሞ አሠሪና ሠራተኛ በተለያየ ሰዓት ሲኖሩ ሥራው እንዴት እንደሚገናኝ አሳይተዋል። ሁለቱም ተጓዡን ብቸኛ ጎልማሳ አድርገው ነው የተነሡት። እዚህ የሚጨመረው አንድ ሕፃን ነው።

የምጣዱ ሒሳብ

ለአንድ እንጀራ ብሎ እሳት የሚያነድ የለም። የሸክላ ምጣድ እስኪግል የሚፈጀው ማገዶ ለአንድም ለሠላሳም እንጀራ ያው ነው። ምጣዱ ግሎ በጎመን ዘር ከታሸ በኋላም የመጀመሪያዋ እንጀራ ብዙውን ጊዜ ዓይን አታወጣም፤ ወይ ትጣበቃለች፣ ወይ አንድ ጎኗ ያርራል። ማሟሻ ትባላለች። ጋጋሪዋ የምጣዱን ሙቀት የምታውቀው በእሷ ነው፤ እንግዳ ፊት አትቀርብም። ሰው ላይ ሲደርስም «የምጣድ ማሟሻ አደረጉኝ» ይባላል።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህን ቋሚ ወጪ ይሉታል፤ ሥራው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጥ ወጪ ማለት ነው። ማገዶው ለሠላሳ እንጀራ ሲከፋፈል የአንዷ ድርሻ ትንሽ ይሆናል፤ ለሦስት ሲከፋፈል ግን እንጀራው ከማገዶው ይረክሳል። ቀስ ብሎ መጓዝ የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚህ ሒሳብ የሚወጣ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ጠባይ ወይም እንደ ትዕግሥት ይወራለታል፤ ሲመረመር ግን የማገዶ ቁጠባ ነው።

አዲስ ከተማ የራሱ ምጣድ አለው። ኔትወርኩ የሚይዘው በየትኛው የቤቱ ጥግ ነው? መብራት የሚጠፋው በየትኛው ሰዓት ነው? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ወተት ከማን ይገዛል? ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ስንት ይጠይቃል፣ ስንትስ ነው ትክክለኛው? እነዚህ እስኪታወቁ የሚያልፉት ቀናት ማሟሻ ናቸው፤ ሥራ ቢሠራባቸውም ዓይን የሌለው ሥራ ነው።

ለማሳያ ያህል፣ አንድ ቤተሰብ አዲስ ቦታ ለመልመድ አምስት ቀን ይፈጅበታል እንበል። በ90 ቀን ውስጥ በየ10 ቀኑ ከተማ ቢቀይር ዘጠኝ ጊዜ ይለምዳል፤ 45 ቀን፣ ማለትም የጊዜው ግማሽ በማሟሻ ይሄዳል። በየወሩ ቢቀይር 15 ቀን ነው። አንድ ቦታ ከቆየ አምስት ቀን ብቻ። በገንዘብም መንገዱ ያው ነው፤ የቀን የሆቴል ዋጋና የወር የቤት ኪራይ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ሕፃኑ ማገዶውን ሲጨምር

ብቸኛው ጎልማሳ ማሟሻው አጭር ነው። ባገኘው አልጋ ያድራል፤ ሽሮ የማይሠራበት ከተማ የለም፤ በሁለተኛው ቀን ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ሕፃን ሲጨመር ወጪው የሚያድግበት ዋናው ምክንያት እንቅልፍ ነው።

አራስ ሕፃን ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ ሌሊትና ቀን ግን አይለይም። የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት፣ ማለትም መቼ መንቃት መቼ መተኛት እንዳለብን የሚነግረን የአካል ሥርዓት፣ መስመር መያዝ የሚጀምረው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። የሚቃኘውም በብርሃን፣ በመመገቢያ ሰዓትና ከመኝታ በፊት በሚደጋገሙ ነገሮች ነው። ቦታ ሲቀየር እነዚህ ምልክቶች አብረው ይናጋሉ። ጎልማሳ የሰዓት ልዩነት ሲሻገር በቀን አንድ ሰዓት ገደማ እየተስተካከለ ይለምዳል፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ስለሚሻገር ሳምንት ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ወላጅ ደግሞ የሚሠራው ሕፃኑ ሲተኛ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ያጣት እያንዳንዷ የእንቅልፍ ሰዓት የሥራ ሰዓትም ናት፤ አንዱ ኪሳራ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሰማይ ይረዳል። ለምሳሌ በአማራ ክልል፣ በአዊ ያለችው የዳንግላ ከተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። በስቶክሆልም ልዩነቱ ከ12 ሰዓት ይበልጣል። ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ የሚቆጥረው የአገሩ ሰዓት አቆጣጠር ለሕፃን የተሠራ ይመስላል፦ ማታ 12 ሰዓት ሐምሌም ቢሆን ጥር መምሸቱ ነው።

ይህ ሲታወቅ በምዕራፍ አምስት የቀረበው የሰዓት ልዩነት ችግር ለወላጅ መልኩን ይቀይራል። ኒው ዮርክ ውስጥ ቢሮ የሚከፈተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ቢባል፣ ያኔ ዳንግላ ላይ በእነሱ ክረምት ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በእነሱ በጋ 10 ሰዓት ነው። የአሜሪካ የሥራ ቀን ሕፃኑ ረጅሙን እንቅልፍ ከሚተኛበት ሌሊት ጋር ይገጥማል። ከጀርመን ጋር የሚሠራ ወላጅ ግን ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የሥራ ሰዓቱ ሕፃኑ ነቅቶ ከሚጫወትበት ጋር ይጋጫል። ለብቸኛ ሠራተኛ ጀርመን ይመቻል፤ ለወላጅ ኒው ዮርክ። ወላጁ ራሱ መቼ ይተኛል የሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

ዳንግላ፣ የቺዝማን መቀመጫ

ዳንግላ ሩቅ ላለ አሠሪ የሚሠራ ሰው ስታስተናግድ ከኢንተርኔት ዘመን ትቀድማለች። እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው እዚህ ነበር። አለቆቹ ለንደን ነበሩ፤ እሱ አገው ምድር። በጊዜው በካርታ ላይ በነጠብጣብ ብቻ ይታይ የነበረውን የዓባይን አካሄድ በበቅሎ እየተከተለ መዘገበ፤ የጣናን ዳርቻና የደሴቶቹን ገዳማት ጎበኘ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ አወጣው። አንዱ ምጣድ ዳንግላ ላይ ለዓመታት ግሎ ስለቆየ ነው እየወጣ የሚመለስበት ቦታ ያገኘው። ሕፃን ለያዘ ቤተሰብም የሚሠራው አካሄድ ይኸው ነው፦ መቀመጫውን አለመቀየር፣ ጉዞውን አጫጭር አድርጎ መመለስ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚታሰበው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ይህ ከፍታ ለሕፃን ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በምዕራብ ያለው የመተከል ቆላም ከዚያ ይወርዳል። የዳንግላ ነዋሪ ለሁለት ቀን ጣና ሊያይ ሲወርድ አጎበር የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ወባ በሚበረታባቸው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ደግሞ ይበልጥ።

ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጣ መንገዱ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ድረስ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። የአየር ግፊቱ ሲለወጥ ሕፃኑ ጆሮውን ያመዋል፤ ጎልማሳ ምራቁን ውጦ ወይም አዛግቶ የሚገላገለውን እሱ የሚገላገለው ጡት ሲጠባ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍም ያው ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ዳንግላ መኪና ይያዛል። በየትኛውም ቢመጣ በወር ሁለት ጊዜ የሚደጋገም መንገድ አይደለም።

ክረምቱ ሌላ ነገር ነው። በአዊ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ፋታ አይሰጥም። ላፕቶፑ ችግር የለበትም፤ የሽንት ጨርቁ ግን አይደርቅም። በበጋ ገመድ ላይ ተሰጥቶ በሦስት ሰዓት የሚደርቀው ጨርቅ ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን አድሮም ጫፉ ይረጥባል፤ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ሲያሸቱትም የሻገተ ይሸታል። ቤተሰቦች ከሰል አያይዘው ምድጃው ላይ ያሰጡታል። በዝግ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሰው ይገድላል፤ ሕፃንን ደግሞ ቶሎ። ጨርቁ ይሰጣ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ሕፃኑ በሌላ ክፍል ይተኛ። ለክረምት የጨርቁን ቁጥር እጥፍ ማድረግ ከማንኛውም የጉዞ ዕቃ ይቀድማል።

የዳንግላ ጉድለት የከፋው ኢንተርኔት ላይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ አብዛኛው ክፍል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። በምዕራፍ ስድስት ስለ ባትሪና ስለ ሁለተኛ ሲም ካርድ የተባለው ሁሉ እንዲህ ባለ ጊዜ አይረዳም፤ ምጣዱ ቢሟሽም እሳት የለም። መንገድም እንዲሁ ሊዘጋ ይችላል። ቀስ ብሎ መጓዝ አንድ ቦታ ላይ መተማመንን ይጠይቃልና አደጋውም እዚያው ነው። ግጭት ባለበት ወቅት የዚህ ምዕራፍ ሒሳብ አይሠራም፤ ቤተሰቡ ሰላም ያለበትን ቦታ መርጦ ይቀመጥ።

ካርዱ የሚያወጣው መርሐ ግብር

አርብቶ አደሩ ጉዞውን የሚያሰላው ከጉድጓድ ጉድጓድ ነው። የሕፃን ጉዞ ጉድጓዶች የክትባት ቀናት ናቸው። በኢትዮጵያ መርሐ ግብር ሕፃን እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የተለያዩ ክትባቶችን ይወስዳል፤ በ9ኛው ወር የኩፍኝ፣ በ15ኛው ወር ደግሞ የኩፍኝ ሁለተኛው ዙር ይከተላሉ። የሦስቱ ቀናት ልዩነት አራት አራት ሳምንት ነው። ቀኑ ያለፈበት ሕፃን ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ ግን የት እንደቆመ የሚያሳይ ካርድ መኖር አለበት።

ካርዱ ሲዘረጋ ባዶ ቦታዎቹ ጉዞ ያመለክታሉ። ከ14ኛው ሳምንት እስከ 9ኛው ወር ከአምስት ወር በላይ ክፍት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ፣ እስከ 6ኛው ወር ድረስ፣ ሕፃኑ የእናት ጡት ብቻ የሚጠባበት ዕድሜ ነው፤ የጤና ምክሩ እንዲያ ነው። ምግብ አይበስልለትም፣ ውኃ አይፈላለትም፣ ጡጦ አይቀቀልለትም፤ ገና አይድህም፣ ወለል አያጸዳም። ለጉዞ ከሁሉ የሚመቸው ዕድሜ ይህ ነው፤ ብዙ ወላጆች ግን ሕፃኑ ጠና ይበል ብለው ይጠብቁና አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ሁሉን ሲነካ፣ ሁሉን ሲቀምስ ይነሣሉ። ሌላ አገር የሚሻገር ቤተሰብ የቢጫ ወባ ክትባት ቢጠየቅ፣ ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃን በጥቅሉ እንደማይሰጥ ከወዲሁ ይወቅ።

የአገሩ ልማድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ እስከዚያ እናቲቱ አራስ ናት፣ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት ታርፋለች። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንድ ልጅ የወለደች እናት በ40ኛው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ በ42ኛው ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ሁለቱ ሳይመካከሩ ያወጡት ቀጠሮ ነው።

አንቀልባና ላፕቶፕ

አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ ማዘያ ነው፤ በዛጎል የሚሸለም አለ። ሰፊው ክፍል ሕፃኑን ከታፋው እስከ ጀርባው ያቅፈዋል፤ ማሰሪያው በእናቱ ደረት ላይ ይታሰራል። እጅ ነጻ ይሆናል፤ ሴቶች አዝለው ሲወቅጡ፣ ሲፈጩ፣ ውኃ ሲቀዱ ኖረዋል። ላፕቶፕ ላይ ሲመጣ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር አለ፦ ያዘለ ሰው ወንበር ላይ መደገፍ አይችልም፤ ሕፃኑ ይጨፈለቃል። ያለው አማራጭ ወገብ ሳይደገፉ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ወይም ላፕቶፑን ከፍ ባለ ነገር ላይ አድርጎ መቆም ነው። መቆሙ ይሻላል። ሕፃኑ ትንሽ እየተወዘወዘ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ስብሰባው በስልክ ከሆነም በግቢው እየተራመዱ ማድረግ ይቻላል። ጽሑፍ የሚጠይቅ ሥራ ግን በአንቀልባ አይሠራም፤ ሌላ እጅ ይፈልጋል።

ያ እጅ በማሟሻ ሳምንት አይገኝም። ጎረቤት ቡና ሲጠራ መጀመሪያ አቦል ላይ ሕፃኑ ይታያል፣ «ትንፋሽ እንዳያገኘው» ተብሎ ፊቱ ይሸፈናል፤ ያም ቀን እንግዳነት ነው። ከብዙ አቦል፣ ቶናና በረካ በኋላ ነው «እስቲ ስጪኝ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» የሚባለው። ይህ ቃል በየ10 ቀኑ ከተማ ለሚቀይር ቤተሰብ አይነገርም። ሞግዚት ሲቀጠርም ያው ነው፤ ሕፃኑ ፊቷን እስኪለምድ፣ እናቱም እስክታምናት ጊዜ ይፈልጋል። የዝግታ ትልቁ ትርፍ እዚህ ነው፤ የተጠራቀመው ማገዶ ሰው ሆኖ ይመለሳል።

ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስተምራቸው የሚያውቁት በውጭ ያሉ ልጆቻቸውን ለማረስ የሚሄዱ የኢትዮጵያ አያቶች ናቸው። በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ወር እንዲቆይ ይፈቀድለታል፤ አያቲቱም የምትቆየው ይህንኑ ነው። በርበሬና አጃ በሻንጣ ይዛ ትሄዳለች፣ አንድ ቤት ትቀመጣለች፣ ከተማ ለማየት አትቸኩልም። ቀስ ብሎ ከሕፃን ጋር መጓዝ የሚለው ፈሊጥ ስም ሳይወጣለት በፊት ስትሠራው ነበር።

የቀን ቆጠራው ጫፍ

ዝግታ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውም ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የምትሰጠው የቱሪስት ቪዛ የ30 ወይም የ90 ቀን ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ መኖርና መሥራትም ይችላል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 የከፈተችው የዲጂታል ዘላኖች ቪዛ እስከ አንድ ዓመት ያስቀምጣል። በፌደራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በተከታታይም ይሁን በተቆራረጠ ጊዜ፣ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየ ሰው ለግብር ነዋሪ ይሆናል፤ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ በሚያገኘው ገቢም ይጠየቃል። ተመሳሳይ የቀን ገደብ በብዙ አገሮች አለ። በአምስተኛው ወር ላይ ቀን መቁጠር መጀመር ነው።

ወላጅ ቀን የሚቆጥረው ግን ከዚያ በፊት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ ለራሷ የምትሠራው ይህ የላትም፣ ቀኖቹን ከደንበኞቿ ጋር አስቀድማ ትዋዋላለች። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የሕፃኑ ልደት የሚመዘገበውም በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሕፃን ፓስፖርት አይወጣለትም፤ ፓስፖርት የሌለው ሕፃን ደግሞ ወላጆቹ ምንም ቪዛ ቢይዙ ከአገር አይወጣም።